የሕክምና መሣሪያ ንግድ ፈቃድ እድሳት፦ አገልግሎቱ ምን ይመስላል? የት ይሰናከላል?

የሕክምና መሣሪያ የሚሸጥ ነጋዴ ፈቃዱን ለማደስ የሦስት መሥሪያ ቤቶችን በር ያንኳኳል። የመጀመሪያው የጤና ተቆጣጣሪው ነው፤ የብቃት ማረጋገጫ ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ግብር ሰብሳቢው ነው፤ ያልተከፈለ ግብር እንደሌለ የሚያረጋግጠው ደብዳቤ፣ ክሊራንስ የሚባለው፣ የሚጻፈው ከእርሱ ዘንድ ነው። ሦስተኛው ራሱ ንግድ ፈቃዱን የሚያድሰው የንግድ መሥሪያ ቤት ሲሆን፣ ዛሬ ሥራውን የሚሠራው የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ባዘጋጀው ኢትሬድ በተባለው የኦንላይን ሥርዓት ነው። ሰዎች “ፈቃድ ማደስ አስቸጋሪ ነው” ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያማርሩት በሦስተኛው ላይ ነው፤ ከሦስቱ ቀላሉ ግን እርሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ካለቁ ኢትሬድ ላይ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ችግሩ ያለው ወረፋውን ከመጨረሻው ለመጀመር መሞከሩ ላይ ነው።

ጊዜውን እናስቀድም። ያለ ቅጣት የሚታደስበት ወቅት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ከጥር 1 እስከ ሰኔ 30 በቅጣት ይታደሳል፤ ወር በተጨመረ ቁጥርም ቅጣቱ ይጨምራል። ስድስት ወር ሲባል ሰፊ ይመስላል፤ ለልብስ ወይም ለጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ ሰፊ ነው። ለሕክምና መሣሪያ ነጋዴ ግን ጠባብ ነው፤ ምክንያቱም በመካከሉ የመጋዘን ቁጥጥር፣ የባለሙያ ሰነድና የግብር ሒሳብ መዝጊያ አለ። የመጨረሻው ሳምንት ደግሞ ገና የሚውልበት ነው። ታኅሣሥ 29 ቢሮ ዝግ ሲሆን የሚቀረው አንድ ቀን ነው፤ በዚያች ቀን አገር ሁሉ አንድ ድረ ገጽ ላይ ይጋፋል። ስለዚህ የዚህ ዘርፍ ነጋዴ የራሱን መዝጊያ ኅዳር 30 ብሎ ቢይዝ ይሻለዋል።

ብቃት ማረጋገጫውን የሚሰጠው ማነው የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ለአምራችና ለአስመጪ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው፤ ብዙ ነጋዴ እስከ ዛሬ በድሮ ስሙ “ፋምካ” ይለዋል። ለችርቻሮ መደብር ደግሞ የክልሉ ወይም የከተማ አስተዳደሩ ተቆጣጣሪ ነው። ጅምላ አከፋፋይ የሆነ ሰው በግምት አይሂድ፤ በእጁ ያለውን ምስክር ወረቀት አውጥቶ ከላይ የማን አርማና ማኅተም እንዳለበት አይቶ ወደዚያው ይመለስ። እግረ መንገዱን የሚያበቃበትን ቀንም ያንብብ። የምስክር ወረቀቱ የማብቂያ ቀንና የንግድ ፈቃዱ የእድሳት ወቅት አንድ ላይ ላይገጥሙ ይችላሉ፤ ኅዳር ላይ የሚያበቃን ብቃት ማረጋገጫ መስከረም ላይ ገና ነው ብሎ የተወ ሰው ታኅሣሥ ላይ የሁለቱንም ጣጣ በአንድ ጊዜ ይሸከማል።

በፌዴራል ደረጃ ማመልከቻው ኢሪስ በሚባለው የባለሥልጣኑ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ውስጥ ባለው የፈቃድ ክፍል በኩል ይገባል። ሥርዓቱ ጥሩ ጎን አለው፦ ማመልከቻው የት ደረጃ ላይ እንዳለ ከቢሮ ሳይወጡ ይታያል፣ የተጠየቀው ማስተካከያም በጽሑፍ ስለሚመጣ “እንዲህ ብለውኝ ነበር” የሚል ክርክር የለም። ደካማ ጎኑ ለተመላላሹ ሳይሆን ለቸልተኛው ነው፦ አንድ ሰነድ ደብዝዞ ከተቃኘ ወይም ገጹ ከተቆረጠ ማመልከቻው ተመልሶ ይመጣል፤ አመልካቹ ገብቶ ካላየው ደግሞ እዚያው ተቀምጦ ይከርማል። ማመልከቻ ካስገቡ በኋላ በየሁለት ቀኑ ገብቶ ማየት የሥራው አካል ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው አንድ ሠራተኛ ብቻ ከሆነና እርሱ ሥራ ከለቀቀ፣ የጠፋው ቃል ብቻ አይደለም፤ የተመዘገበው ኢሜይልም አብሮት ሄዷል። አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይልና በባለቤቱ ስልክ ይመዝገብ።

አሁን ወደ መጋዘኑ። ከጠቅላላው እድሳት ውስጥ ከፍተኛውን ዋጋ የምንሰጠው ለዚህ ቁጥጥር ነው፤ ነጋዴውን ቢያደክምም የታካሚውን ደኅንነት በቀጥታ የሚነካው ይህ ክፍል ብቻ ነውና። “የሕክምና መሣሪያ” ሲባል በሕጉ ዐይን ከጓንት፣ ከሲሪንጅና ከደም ግፊት መለኪያ ጀምሮ እስከ አልትራሳውንድና የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኪት ይደርሳል፤ ዕቃዎቹ እንደየስጋታቸው በደረጃ ይመደባሉ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚጠይቀውም የዕቃው ደኅንነት፣ ጥራትና ውጤታማነት ከአምራቹ እስከ ተጠቃሚው ድረስ እንዲጠበቅ ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪው ሲመጣ የሚመለከተው የቀለም ቅቡን አይደለም።

መጀመሪያ የሚጠይቀው የሙቀትና የእርጥበት መመዝገቢያውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሱቅ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ሙቀቱ ስለበዛ ሳይሆን መዝገቡ ስለማይታመን ነው። ሦስት ወር ሙሉ “22” ተብሎ በአንድ ብዕር፣ በአንድ ቁመት የተጻፈ መዝገብ በአንድ ቀን ተቀምጦ የተሞላ መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። እውነተኛ መዝገብ ይወዛወዛል፦ ጠዋት 19፣ ከሰዓት 24፤ በበልግ አንድ ቁጥር፣ በክረምት ሌላ። ከፍተኛና ዝቅተኛውን ራሱ የሚይዝ መለኪያ መግዛት ይጠቅማል፤ እሑድና በዓል ሱቁ ዝግ በነበረበት ጊዜ የደረሰውን ሰኞ ጠዋት ያሳያል። መለኪያው ራሱ ተለክቶ ስለመረጋገጡ የካሊብሬሽን ሰርተፊኬት ይኑረው፤ ከገበያ ተገዝቶ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ መለኪያ ሦስት ዲግሪ ቢስት ማንም አያውቅም።

የላቦራቶሪ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) እና የምርመራውን ትክክለኛነት መፈተኛ የሆነውን መቆጣጠሪያ ሴረም የሚሸጥ ሰው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚጠብቅ ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። የቤት ፍሪጅ ሁለት ችግር አለበት። በሩ ላይ ያለው መደርደሪያ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል፤ የኋላው ግድግዳ ደግሞ በረዶ ይሠራል። ሰው ሙቀትን ይፈራል፤ ብዙ ሪኤጀንት የሚበላሸው ግን በረዶ ሆኖ ነው፤ ከቀለጠ በኋላም ደኅና ይመስላል። ዕቃው ከኋላው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በመካከሉ አየር እየዞረ ይቀመጥ። ምሳ ዕቃና የውኃ ጠርሙስ በዚያ ፍሪጅ ውስጥ ከተገኘ የቀረው ቁጥጥር በጥርጣሬ ነው የሚቀጥለው፤ ተገቢም ነው። መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል ለሚለው ጥያቄ “ጄኔሬተር አለን” ብቻ በቂ መልስ አይደለም፤ ማን ያስነሳዋል፣ ሌሊት ቢጠፋ ማን ይነገረዋል የሚል ጽሑፍ ይኑር።

ከፍሪጁ ውጪ ያለው ዕቃም የየራሱ ጠላት አለው። የላቴክስ ጓንት ፀሐይና ሙቀት ሲያገኘው ይደርቅና ሲለብሱት ይቀደዳል፤ ስለዚህ በመስኮት በኩል ለማሳያ የተደረደረ ካርቶን ጥፋት ነው። የታሸገ ንጹሕ ሲሪንጅና የቀዶ ሕክምና ክር እርጥበት ሲያገኘው ወረቀቱ ይለሰልሳል፣ ንጽሕናውም ይጠፋል፤ ስለዚህ ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥም፣ ግድግዳም ላይ አይለጠፍም፤ ፓሌት ወይም መደርደሪያ ላይ ሆኖ ከኋላው መጥረጊያ የሚያስገባ ክፍተት ይተውለታል። የስኳር መለኪያ ስትሪፕ እስከ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ሞቃት ቆላ ያለ ሱቅ ያንን ቁጥር ከክፍሉ ሙቀት ጋር ማስተያየት አለበት። የመጠቀሚያ ጊዜው ቀድሞ የሚያልፍበት ዕቃ ቀድሞ ይወጣል፤ ቀድሞ የገባው አይደለም። ሁለቱ አንድ የሚመስላቸው ሠራተኞች አሉ፤ አዲስ የመጣ ካርቶን ከድሮው አጭር ዕድሜ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ግን ጥቂት አይደለም።

ጊዜው ያለፈበት፣ የተሰበረና የተመለሰ ዕቃ ለብቻው፣ በቁልፍ፣ “ለሽያጭ የማይውል” የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት ይቀመጥ። ዝርዝሩ በመዝገብ ይያዝ፤ ማስወገዱ ደግሞ በተቆጣጣሪው ዕውቅና ይፈጸም። ከቁጥጥሩ በፊት በነበረው ሌሊት በጓሮ ማቃጠል ሌላ ጥፋት ነው፤ በደረሰኝ የገባ ዕቃ በምን እንደወጣ ሳይታወቅ የመጋዘን ሒሳቡ ይጎድላልና።

ከቁጥጥሩ በፊት ሱቁ ራሱን የሚፈትንበት አንድ መንገድ አለ፤ ከሁሉም በላይ የምንመክረው ይህንኑ ነው። ዐይንን ጨፍኖ ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን ማንሳት። የሎት ቁጥሩን፣ ማለትም አብሮ የተመረተውን ዕቃ የሚለየውን ቁጥር፣ ማንበብ። ከዚያም አራት ነገር መፈለግ፦ የተገዛበት ደረሰኝ፣ ምርቱ የተመዘገበበት ወይም የገባበት ፈቃድ፣ ከዚያው ሎት የተሸጠው ለማን እንደሆነ፣ ስንት እንደቀረ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አራቱም ጠረጴዛ ላይ ከተገኙ መዝገቡ ደኅና ነው። ካልተገኙ፣ አምራቹ ነገ “ይህ ሎት ጉድለት አለበትና ይመለስ” ቢል ሱቁ ዕቃውን የወሰደውን ክሊኒክ ሊያገኘው አይችልም ማለት ነው። ተቆጣጣሪው ዕቃ መሰብሰቢያ ሥርዓታችሁን አሳዩኝ የሚለው ይህንን ለማየት ነው፤ ከኢንተርኔት የተቀዳ፣ የሌላ ድርጅት ስም እንኳ ያልተሰረዘለት ጽሑፍ ማሳየት ከአለማሳየት ይከፋል።

ትልልቅ መሣሪያ የሚሸጡ ድርጅቶች ተጨማሪ ይጠየቃሉ፦ ገጥሞ የሚያስረክብና የሚጠግን ባለሙያ፣ መለዋወጫ፣ ለደንበኛው የሚሰጥ ሥልጠና። ኤክስሬይን የመሰለ ጨረር አመንጪ መሣሪያ ከሆነ የጨረራ ተቆጣጣሪው ፈቃድ ለብቻው ነው። አስመጪ ከሆኑ ከአምራቹ ጋር ያለው የውክልና ስምምነት ጊዜው ማለፍ አለማለፉን ሐምሌ ላይ ይመልከቱ። በአምራቹ አገር ተረጋግጦ፣ በዚያ ባለ የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አልፎ የሚመጣ ሰነድ ስለሆነ በሳምንት አይደርስም።

የባለሙያው ጉዳይ ለብቻው መነገር አለበት፤ ማመልከቻ ሲመለስ ከምናየው ምክንያት ግንባር ቀደሙ ይህ ነው። የቴክኒክ ኃላፊው የሙያ ፈቃድ የጸና ይሁን፤ የሙያ ፈቃድ ለማደስ ደግሞ የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ማስረጃ ይጠየቃልና ባለሙያው ራሱ ቀደም ብሎ መጀመር አለበት። የቅጥር ውሉ ፊርማና ቀን ይኑረው። አዲስ ከሆነ ከቀድሞ መሥሪያ ቤቱ የመልቀቂያ ደብዳቤ ያምጣ፤ ያለዚያ ስሙ በቀድሞው ሱቅ ላይ ተመዝግቦ ይገኛልና አዲሱ ማመልከቻ ይቆማል። ባለሙያው በዓመቱ መካከል ለቅቆ ከሆነ ሱቁ ለተቆጣጣሪው ያኔውኑ ማሳወቅ ነበረበት፤ እድሳት ላይ ሲደርሱ “ከመጋቢት ጀምሮ ማን ነበር ኃላፊው?” መባሉ አይቀርም። የባለሙያን ወረቀት ተከራይቶ ግድግዳ ላይ መስቀል የተለመደ ሆኗል፤ በቁጥጥር ቀን ባለሙያው ስለ ማቀዝቀዣው ሙቀት ሲጠየቅ የማያውቅ ከሆነ ወረቀቱ አያድንም። ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው፤ ዕቃው ተበላሽቶ ሲሸጥ አይቶ “አይሸጥም” የሚል ሰው በቦታው የለም ማለት ነውና።

አድራሻም እንዲሁ ብዙ ያስመልሳል። የብቃት ማረጋገጫው የተሰጠው ለድርጅቱ ብቻ ሳይሆን ለዚያ ቤት ጭምር ነው፤ ቦታ ከተቀየረ አዲሱ ቤት እንደገና ይታያል። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማት ምክንያት የተነሡ ሱቆች ይህ ገጥሟቸዋል። ለሚ ኩራ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ክፍለ ከተማ ሲሆን ቤታቸው ሳይነቃነቅ አድራሻቸው የተለወጠም አሉ፤ የኪራይ ውሉ አንዱን፣ ፈቃዱ ሌላውን እያለ ይቀራል። የኪራይ ውሉ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ፣ ጊዜው ያላለፈ፣ ክፍለ ከተማው፣ ወረዳውና የቤት ቁጥሩ በሁሉም ሰነድ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን። የማይገጥም ካለ መጀመሪያ የንግድ ምዝገባው ላይ ለውጥ ይጠየቅ፣ ከዚያ ብቃት ማረጋገጫው፣ ከዚያ እድሳቱ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ግብር ላይ ብዙ አንቆይም፤ የሒሳብ ባለሙያው የሚያውቀው ነው። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ዓመታዊ ሒሳቡን አስታውቆ የሚከፍለው እስከ ጥቅምት 30 ስለሆነ ቀደም ብሎ ያላስታወቀ ክሊራንሱን ከዚያ በፊት አይጠብቅ፤ የኅዳር ወር ለእድሳቱ የሚመቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ክሊራንስ የሚያስከለክለው አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ዕዳ አይደለም። ሽያጭ ስላልነበረ ሳይቀርብ የቀረ የአንድ ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማስታወቂያ፣ ወይም ያልተከፈለ የሠራተኛ ጡረታ ነው፤ የአሠሪው 11 በመቶና የሠራተኛው 7 በመቶ በየወሩ መግባት አለበት። “ባዶ” ወርም ቢሆን ይታወቃል። በመስከረም አንድ ቀን ተቀምጦ የዓመቱን አሥራ ሁለት ወር ማስታወቂያ ቆጥሮ መደርደር ታኅሣሥ ላይ ከመሯሯጥ ያድናል።

ኢትሬድ ላይ ሲገቡ የሚጠበቀው ይህ ነው። በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ፈቃዱ ይፈለጋል፤ እድሳት ይመረጣል፤ ከድርጅቱ ፈቃዶች ውስጥ የሚታደሰው ይለያል፤ ብቃት ማረጋገጫው ይጫናል፤ ጥያቄው ከተፈቀደ በኋላ የክፍያ ትእዛዝ ይመጣል፤ በቴሌብር ወይም በባንክ ተከፍሎ ኪውአር ኮድ ያለው የምስክር ወረቀት ይታተማል። ቀድሞ ለአንዲት ማኅተም ግማሽ ቀን ይቆም ለነበረ ነጋዴ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ እኛም ሳንቆጥብ እናመሰግነዋለን። ከሁሉም የወደድነው ፈቃዱ የጸና መሆኑን ገዢው ራሱ በመለያ ቁጥሩ ገብቶ ማየት መቻሉ ነው። ሆስፒታል የታካሚ መከታተያ ሞኒተር ከመግዛቱ በፊት የሻጩን ፈቃድ በሁለት ደቂቃ ማረጋገጥ ይችላል።

የሚጎድለው ደግሞ ይህ ነው፦ ተቆጣጣሪው የሰጠው ምስክር ወረቀት በነጋዴው እጅ ተቃኝቶ መጫኑ። ሁለቱም የመንግሥት ሥርዓቶች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን በቀጥታ ቢያነብ የሐሰት ብቃት ማረጋገጫ መግቢያ ያጣ ነበር። “በሦስት ቀን ብቃት ማረጋገጫ አመጣለሁ” የሚሉ ደላሎች የሚኖሩት በዚህ ክፍተት ነው። መጋዘን ሳይታይ የተሰጠ ወረቀት ሁሉ መጠርጠር አለበት፤ ከተደረሰበት የሚታገደው ደላላው ሳይሆን ባለ ፈቃዱ ነው።

ኢትሬድ ላይ ጥያቄው ውድቅ የሚሆንበት ዋናው ምክንያት የዘርፍ መደብ አለመግጠም ነው። ንግድ ፈቃዱ “አስመጪ” ሲል ብቃት ማረጋገጫው “ጅምላ” ይላል፤ ወይም ፈቃዱ የመድኃኒት ሆኖ ማረጋገጫው የሕክምና መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ ዘርፍ የራሱ ኮድ ስላለው በቃል ማስረዳት አያዋጣም፤ የተሳሳተው ይታረማል። ቀጥሎ የሚመጣው የስም አጻጻፍ ነው፦ በፋይዳ፣ በግብር መለያና በፈቃዱ ላይ የባለቤቱ ስም በአንድ ፊደል ከተለያየ መቆም አለ። ስልክም ያው፤ የማረጋገጫ ቁጥር የሚላከው ከዓመታት በፊት ወደ ተመዘገበው፣ ምናልባትም ዛሬ ወደሌለው ስልክ ነው። ሦስቱንም ነሐሴ ላይ አርሞ መጨረስ ይቻላል።

የታተመውን ከመስቀልዎ በፊት ስሙን፣ አድራሻውን፣ ዘርፉን፣ የመለያ ቁጥሩንና የታደሰበትን ዓመት ያንብቡ፤ ኪውአር ኮዱንም በሌላ ሰው ስልክ ያንሡት። ከዚያ አንዱ ቅጂ ለባንኩ ይሄዳል፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄና ኤልሲ (ባንኩ ለውጭው ሻጭ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ያልታደሰ ፈቃድ ይዞ አይንቀሳቀስም። አንዱ የመንግሥት ጨረታ ወደሚወዳደሩበት ማኅደር ይገባል፤ የጨረታ ሰነድ የሚጠይቀው የበጀት ዓመቱን የታደሰ ፈቃድ ነውና ያለፈው ዓመት ቅጂ እዚያው ተሰክቶ የተረሳ ከሆነ ዋጋው ምንም ቢያንስ ከመጀመሪያው ይወድቃል። ዋናው ሱቁ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ፣ ከብቃት ማረጋገጫውና ከባለሙያው ፈቃድ አጠገብ ይሰቀላል። የብቃት ማረጋገጫው ማብቂያ ቀን ደግሞ ከሦስት ወር በፊት በሚያስታውስ ስልክ ላይ ይመዝገብ፤ በባለቤቱም በባለሙያውም።